አራተኛው ሚዛን

በአምበር ከተማ የእህል መጋዘን፣ እስከ አራት ሚዛን በአንድ ዩኤስቢ የሚያገናኘውን ሳጥን አዲሱ ኮምፒዩተር አላውቅህም አለው። አምደሚካኤል የሚባል ባለሙያ ከደብረ ማርቆስ መጥቶ ሳጥኑን ከኮምፒዩተሩ የሚያስተዋውቀውን ፕሮግራም፣ ድራይቨሩን፣ ጫነለት።

«አራቱም ፖርቶች ሠሩ፣ እትዬ ጤናዬ።»

ጸሐፊዋ ጤናዬ ስክሪኑ ላይ ፈዛ ቀረች። አራተኛው ሚዛን ባሏ ገዳሙ ከሞተ ወዲህ ተነስቷል። ገዳሙ መዛኝ ነበር፤ ጆንያ ከመጫኑ በፊት ጠዋት ጠዋት ራሱ እላዩ ላይ ቆሞ ይሞክረው ነበር። ከታመመ በኋላ መክሳቱን እዚሁ ተቀምጣ በቁጥር አይታዋለች፤ መጨረሻ ላይ አርባ አንድ ኪሎ ደርሶ ነበር።

አሁን አራተኛው መስመር ሠላሳ ዘጠኝ ይላል።

«ምንም አልተሰካበትም እኮ!» አምደሚካኤል ድራይቨሩን አጥፍቶ እንደገና ጫነው።

ሠላሳ ስምንት።

«አሁንም እየከሳ ነው» አለች ጤናዬ።