ከፍልሰታ በፊት

«ባለፉት ሰባት ቀናት ቀኑን ሙሉ እህል ሳይቀምሱ የዋሉበት ቀን አለ?» ማስተዋል ታብሌቷን ጉልበቷ ላይ እንዳስደገፈች ጠየቀች።

«ጾም ነዋ፣ ልጄ» አለች አስናቀች።

ማስተዋል ቀና አለች። ቀኑ ሐምሌ አሥራ ሰባት ነው። «የሐዋርያት ጾም ተፈቷል፤ ፍልሰታ ደግሞ ገና ሁለት ሳምንት ይቀረዋል፣ እትዬ።»

«እኛ ቀደም ብለን ገባን።» ፈገግ አለች፤ ዐይኗ ግን ደጃፉ ላይ ከቆመው ከይታያል አልተነሣም።

ይታያል ከቢቸና የመጣችውን መዝጋቢ ቤት ለቤት እንዲያዞራት የተመደበ የቀበሌው ሰው ነው። መንደሩ በሁለት ወንዞች መካከል ተቀምጧል፤ ክረምት ሲከብድ ወንዞቹ ይሞሉና ደሴት ይሆናል። ወፍጮውም ገበያውም ማዶ ይቀራል። ማስተዋል በየዓመቱ ሐምሌ ላይ፣ ውኃው ጎደል ሲል ጠብቃ እየተሻገረች፣ የእነዚያኑ ሠላሳ ቤቶች ኑሮ ትመዘግባለች። አምና እዚህ ቤት በቀን ሦስቴ ይበላ ነበር። በጥር የአስናቀች ባል አረፈ።

አስናቀች ጠጋ ብላ አንሾካሾከች። «ልጄ ሰገነት ታጭታለች። የአስናቀች ቤት ጦሙን አደረ ከተባለ አማቾቼ ምን ይላሉ? ‹አልተራቡም› ብለሽ ጻፊልኝ።»

«እንዲያ ከጻፍኩ እርዳታ ሲመጣ ስምዎ አይገኝም።»

«ይቅራ! እህል ያልቃል፣ ደግሞም ይመጣል። ስም ከወደቀ ማን ያነሣዋል?»

ማስተዋል ወደ ደጃፉ ዞረች። «ጋሼ ይታያል፣ ወንዙ ሳይሞላ መመለስ አለብኝ። እስቲ ወረድ ብለው ይዩልኝ።»

ሰውየው ቅር እያለው ጋቢውን ተከናንቦ ቁልቁለቱን ወረደ። ዳናው እስኪጠፋ ጠበቀች።

«የሚሰማን የለም። መዝገቡንም እዚህ መንደር ማንም አያየውም። ስንት ቀን?»

አስናቀች የቀሚሷን ጫፍ ጠቀለለች፤ ፈታች፤ መልሳ ጠቀለለች።

«ሦስት» አለች በመጨረሻ።

«አምስት ነው» የሚል ድምፅ ከጓዳ መጣ። ሰገነት መጋረጃውን ገልጣ ቆማለች። «እኔን አብልታ፣ እሷ ‹ጎረቤት ቀምሻለሁ› ያለችኝን ሁለቱን ቀን ሳትቆጥር ነው። ጎረቤትም እንዳልሄደች አውቃለሁ።»

አስናቀች ልጇን ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።