ትንሿ ድስት

ትልቁን ድስት በሁለት እጇ ከመደርደሪያው ስታወርድ ባሏ አንዱን ጆሮ ያዘው።

«ልቀቀው፣ ሥራ አታስፈታኝ።»

«ዘንድሮ ትንሿ ትበቃናለች» አላት። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ አንዴ ከቆመ ወደ ኋላ አይልም።

«ቢመጡስ?»

ሦስት ልጆች አሏቸው። ሦስቱም ሌላ ከተማ ኑሮ ከመሠረቱ ወዲህ ለገና መጥተው አያውቁም። እሷ ግን በየዓመቱ ለሁሉም ትሠራለች፤ ለልጅ ልጆቹም ጭምር።

«አምና የተረፈውን የጣልኩት እኔ ነኝ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እንዳታዪው ብዬ ሳትነሺ ነው ይዤው የወጣሁት።»

«አውቃለሁ። የቆሻሻ በርሜሉ ክዳን ሲዘጋ ሰምቻለሁ።»

ድስቱ መሃላቸው ተንጠልጥሏል።

«በትንሿ ከሠራሁማ፣ አይመጡም ብዬ ቁርጤን አወቅሁ ማለት ነው» አለች። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ይኼን አላሰበበትም ነበር። ራሱን አከክ አከክ አደረገ።

«ስሚኝማ። የበሰለ ምግብ ሰው አይጠብቅም፤ ጥሬው ግን ይጠብቃል። የእነሱን ሥጋ ከፍለን ፍሪዘር ውስጥ እናስቀምጠው። የመጡ ዕለት ትኩስ ትኩሱን ትሠሪላቸዋለሽ።»

ድስቱን ለቀቀችለት።

ሥጋውን ከፋፍላ አስቀመጠች። እሱ ድንች ሊልጥ ተቀመጠ።

«አንተ ሰውዬ! እንዳይባክን ብለህ ስትሰብከኝ ውለህ ግማሹን ድንች ከልጣጩ ጋር ልትጥለው ነው?»

«የለመድኩት መሪ ነው፤ ቢላዋ መቼ አስያዝሽኝና!»

ሳታስበው ሳቀች።

ትንሿ ድስት መንተክተክ ስትጀምር ስልኩ ጮኸ። ጩጬ የሚሏት የመጨረሻ ልጃቸው ናት። በበዓል ቀን እንኳን አደረሳችሁ ብላ ወዲያው ነው የምትዘጋው።

«እማ፣ እንኳን አደረሰሽ። ዘንድሮም ያንን ትልቁን ጣድሽው?»

«የለም፣ ትንሿን ነው። ለእኔና ለአባትሽ። የእናንተ ድርሻ ጥሬውን ተቀምጧል።»

ከወዲያ ጫፍ ድምፅ ጠፋ።

«ተቀየምሽ እንዴ ልጄ?»

«ኧረ እማ! እፎይ ብዬ ነው። ስልኩን ቶሎ የምዘጋው እኮ አምና ምን ያህሉ እንደተደፋ እንዳልሰማ ብዬ ነው። ‹ማንም ሳይቀምሰው› ስትዪኝ ሆዴ ይባባል፤ ለመምጣትም አፍራለሁ።»

እናት በነጠላ ጫማዋ ወለሉን ጫር ጫር አደረገች። እሷ ወሬ መስሏት ነበር የምታወራው፤ ለካ ወቀሳ ኖሯል።

«በይ ዛሬ አትዝጊብኝ» አለቻት። «ዘንድሮ የሚደፋ ነገር የለም።»

«አልዘጋም። የእረፍት ፎርም ሞልቼ ከመሥሪያ ቤት መልስ እየጠበቅኩ ነው፤ ቀኑ ሲቆረጥ እነግርሻለሁ። ከዚያ በፊት ሽንኩርት እንዳትከትፊ!»

ከዚያ ጩጬ ስለ ልጇ የወለቀ ጥርስ ጀመረች፤ ከጥርሱ ወደ ጎረቤቷ፣ ከጎረቤቷ ወደ አለቃዋ ተሻገረች። ባል ተነስቶ ማማሰያውን ከሚስቱ እጅ ወሰደ፤ ወንበሩን በእግሩ ገፋ አደረገላት።

ተቀመጠች። በገና ቀን፣ ድስት ተጥዶ፣ ተቀምጣ አታውቅም። ስልኩን ወደ ሌላኛው ጆሮዋ አዛወረችና ጫማዋን አውልቃ እግሯን ዘረጋች።