ከክምሩ አናት ላይ የነበረው ጋዜጣ

ቺፉዩ የባሏን አባት ስም ያየችው የዓሣውን አንጀት ከጨመረችበት በኋላ ነበር። ለጓሮው ማዳበሪያ የሚሆነውን ልጣጭና ትርፍራፊ የምታጠራቅመው ሁልጊዜ ከጋዜጣ አጥፋ በምትሠራው ከረጢት ነው። ዛሬም ከክምሩ አናት ላይ ተገልጦ ያገኘችውን አንስታ አጠፈችው። አሁን በራሰው ጎኑ ላይ፣ በአንባቢያን የግጥም ዓምድ፣ ሦስት አጫጭር ስንኞች ወጥተዋል፤ ከሥራቸው «ጌንዞ ኩሮኢዋ» ይላል። ሽማግሌው አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ሲልኩ አንድም ቀን ወጥቶላቸው አያውቅም።

አንጀቱን በእጇ ዝቃ ልታወጣ ስትጣደፍ ወረቀቱ ስሙ ላይ ተቀደደ። ቀና ስትል ሽማግሌው በሩ ላይ ቆመዋል። ከረጢቱን ከጀርባዋ ሸሸገችው፤ የዓሣው ውሃ ግን ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል።

«አባባ፣ ግጥምዎ ወጥቶ... እኔ ደግሞ ሳላየው... አሁኑኑ ሮጬ ሌላ ገዝቼ እመጣለሁ!»

«ኧረ ተይው ልጄ፣ እኔ ጠዋት አንብቤዋለሁ። አሁን ደግሞ ተራው የዓሣው ነው» ብለው ሳቁ።

«ታዲያ ምነው ሳይነግሩኝ?»

ሳቃቸው ቀስ እያለ ጠፋ። ወለሉ ላይ የሚንጠባጠበውን ውሃ እያዩ፣

«በራሴ አፍ ማውራቱ አሳፈረኝ» አሉ። «አንቺ ታዪልኛለሽ ብዬ ነበር ገልጬ ከላይ ያስቀመጥኩት።»