ፀሐይ አይንካው

ዘሪቱ አጎዛውን ከግድግዳው ሥር፣ የጧት ፀሐይ ቀድሞ ከሚያርፍበት ቦታ ታነጥፋለች። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እንዲሁ ነው። ነጠላዋን አጣፍታ ትቀመጥና ጭኗን መታ መታ አድርጋ ወደ ቤት ትጣራለች።

"ነይ እንጂ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ!"

ሕሊና ብቅ ትላለች፤ ግን ከበረንዳው ጥላ አታልፍም። ከባሕር ዳር የገባችው ትናንት አመሻሽ ላይ ነው። አገጯ ዙሪያውን ቀልቶ ችፍ ችፍ ብሏል፤ እርጥብ ጨርቅ ይዛበታለች።

"እማ፣ ፀሐይ ተከልክያለሁ አልኩሽ እኮ።"

"እስከ መቼ?"

"የፀጉር ማጥፊያው ሌዘር እስኪያልቅ። ገና ስንት ዙር አለው።"

ዘሪቱ ከማተቧ ጋር የምታንጠለጥለውን ወረንጦ ሳታስበው ትዳስሳለች። ሕሊና ተማሪ ሳለች አንድ ቀን ፊቷን በነጠላ ሸፍና እያለቀሰች ገባች። ወንዶቹ "አባ ጢሞ" ብለዋት ነበር። ያን ለት ዘሪቱ ወረንጦዋን አነሳች። እዚሁ ግድግዳ ሥር ራሷን ጭኗ ላይ አስተኝታ፣ የአገጯን ፀጉር አንድ በአንድ እየለቀመች ነቀለችላት። የዘሪቱ የገዛ እናትም ደብረ ወርቅ ሳሉ፣ ነዶ ነዶ በሚሸት ቀሚሷ ላይ አስተኝታ ለእሷ እንዲሁ ታደርግላት ነበር።

ከዚያ ወዲህ እሑድ ጧት የሁለቱ ሆነ። ልጅቱ ፊት ለፊት ተቀምጣ የማትናገረውን ሁሉ፣ ዓይኗን ጨፍና አገጯን ስትሰጥ ትናገራለች። የሥራ ቦታ ቅያሜዋን፣ ድረስ ከተባለ ልጅ ጋር መተጫጨቷን፣ ኋላም ሠርጉ የቀረበትን ምክንያት ዘሪቱ የሰማችው እንደዚያ ነው። እንግዲህ ጭኗ ላይ ካልተኛች መቼ ታወራታለች? ዘሪቱን ሌሊቱን ሲያገላብጣት ያደረው ይኸው ነው።

"አንድ ሁለቷን ብቻ ልንቀልልሽ። እዚያው ጥላው ውስጥ።"

"መንቀል ጭራሽ አይሆንም። ብርሃኑ ፈልጎ የሚያቃጥለው ሥሩን ነው። ነቅለነው ምኑን ያግኝ?"

ዘሪቱ ትነሳለች። ጓዳ ገብታ ስትመለስ ሌባ ጣቷ ላይ ለጋ ቅቤ አለ። ለእሳት ቃጠሎ ሌላ መድኃኒት አታውቅም፤ ልጇ ደግሞ ተቃጥላለች። ሕሊና አፏን ከመክፈቷ በፊት አገጯን ትቀባታለች።

"እማ!" ሕሊና ወደ ቧንቧው ትሮጣለች፤ በቀዝቃዛ ውሃ ደጋግማ ትታጠባለች። "ሙቀቱን ያፍነዋል እኮ! በቃ፣ ተዪኝ። ፊቴን ተዪልኝ።"

ዘሪቱ አጎዛው ላይ ተመልሳ ትቀመጣለች። ቅቤ የነካው ጣቷ ፀሐዩ ላይ ያብለጨልጫል።

በሩ ይንኳኳል። የሰፈሩ ጨርቅ ነጋዴ ልጅ ሳጂዳ ናት፤ የሕሊና የሩጫ ጓደኛ። እስከ ቁርጭምጭሚቷ በስፖርት ልብስ፣ ራሷን በሻርፕ ተሸፍናለች።

"እትዬ ዘሪቱ፣ እንዴት አደሩ? ልጅዎን ልሰርቅዎት መጣሁ።" ቀና ብላ ሕሊናን ታያለች። "እንዴ! በርበሬ ነው የተቀባሽው?"

"ሳቂ፣ ሳቂ። ዛሬ መሮጤንም እንጃ።"

"በቀስታ እስከ ባሕር ዛፉ ደርሰን እንመለሳለና። ከፀሐዩ እንደሆነ እንደኔ በሻርፕ ጠቅልዪው።"

ሕሊና እናቷን በጎን ታያለች። ከዚህ ግቢ ብትወጣ ደስ ይላታል፤ ያስታውቅባታል። ጎንበስ ብላ የጫማዋን ማሰሪያ ማጥበቅ ትጀምራለች። "በቀስታ ከሆነማ ምን ይለኛል..."

"አትሮጥም።"

ሁለቱም ዞር ይላሉ። ዘሪቱ ራሷም በድምጿ ትገረማለች።

"ላብ ያስቆጣዋል። ሻርፑም ይፈትገዋል። ቆዳው እስኪበርድ ሩጫ የለም፣ ሙቅ ውሃ የለም፣ ሽቶም የለም።"

"ይህን ማን ነገረሽ?" ትላለች ሕሊና።

"አንቺ ነሻ። ትናንት ከስልክሽ ስታነቢው።"

"የምትሰሚኝ አልመሰለኝም ነበር።"

"መቼ ነው ያልሰማሁሽ?"

ሳጂዳ እጇን ታነሳለች። "ዶክተር ዘሪቱ ካሉ እንግዲህ ምን እላለሁ!" እየሳቀች ብቻዋን ትወጣለች፤ የእርምጃዋ ድምፅ በድንጋይ ንጣፉ ላይ ይርቃል።

ሕሊና ጨርቁን እንደገና ነክራ ጨምቃ አገጯ ላይ ታሳርፋለች። "መራመድ ግን ይፈቀዳል" ትላለች፣ ለጨርቁ የምትነግረው ይመስል። "ሳያልበኝ፣ ቀስ ብዬ።"

"እንሂዳ።"

"አንቺ? የት?"

"እኔ ምን አውቃለሁ። የት ነው የሚኬደው? ምን ልናመጣ ነው?"

"ምንም። እንዲሁ ነው የሚኬደው።"

ዘሪቱ ያለ ጉዳይ መንገድ ወጥታ አታውቅም። ገበያ፣ ለቅሶ፣ ቤተ ክርስቲያን እንጂ፣ እንዲሁ መሄድ ምን እንደሆነ አይገባትም። ጣቷን ታጥባ ወደ ቤት ትገባና ጥቁሩን ጃንጥላዋን ይዛ ትወጣለች።

መንገድ ላይ ትዘረጋዋለች። የጃንጥላው ጠርዝ መጀመሪያ የሕሊናን ግንባር ይመታል። ልጇ በቁመት ይህን ያህል እንደምትበልጣት አላስተዋለችም ነበር፤ ቆመው ጎን ለጎን የሄዱበት ጊዜ ትዝ አይላትም። ክንዷን ወደ ላይ ትዘረጋለች፤ ጥላው በሕሊና አገጭ ላይ ይወድቃል። ፀሐዩ ዘሪቱ ትከሻ ላይ ይቀራል።

"አምጪ እኔ ልያዘው።"

"ተይው።"

"ሰው እያየን ነው እኮ፤ ታቦት አስመሰልሽኝ!"

"አፍሽን ያዢ!" ትላለች ዘሪቱ፤ ሳቋ ግን ያመልጣታል።

ሕሊና እርምጃዋን ከእናቷ ጋር ለማስተካከል ታሳጥራለች። አንድ ባጃጅ አቧራ አስነስቶ ያልፋል። ባሕር ዛፎቹ ጋ ሲቃረቡ፣ ፊት ለፊቷን እያየች፣

"እማ... ባሕር ዳር ሳለሁ ድረስ ደወለልኝ" ትላለች።

ዘሪቱ ዘወር ብላ አታያትም። ክንዷ ዝሏል፤ ጃንጥላውን ዝቅ ሳታደርግ፣ ቀስ ብላ እጅ ትቀይራለች።