የመሪጌታው ልብ

ነገር ሁሉ የተበላሸው በደብረ ዘይት በዓል ማግስት፣ ሰኞ ቀን ነው።

ዶክተር አንሙት የስፖርት ሳይንስ መምህር ነው። የሙያ ባልደረቦቹ ሯጭና ኳስ ተጫዋች ሲያጠኑ፣ እሱ ጾመው መቋሚያ ተደግፈው ለሰዓታት የሚቆሙትን የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት አጠና። ከሁሉም ያስገረሙት ከደብረ ወርቅ ወጣ ብላ ካለች ደብር ያገኛቸው የድጓ መምህር፣ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ናቸው። ሰባን ያለፉ ሽማግሌ ሣጥን ላይ ወጥተው ወርደው ሲለኩ፣ ልባቸው ከወጣት ሯጮች ልብ ቀድሞ ይረጋል። ስማቸው እንዳይጻፍ ጠይቀው ስለነበር በጥናቱ ላይ አልተጻፈም።

ውጤቱን ያመነ አልነበረም። አንሙት ፕሮፌሰር ሊባል ጥቂት ሲቀረው አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ልኬቱም በዚያ ሰኞ በኮሚቴው ፊት እንዲደገም ተወሰነ።

«የኔታ፣ የቴሌቪዥን ሰዎችም መጥተዋል» አለ አንሙት፣ የልብ መለኪያውን ቀበቶ ደረታቸው ላይ እያሰረ። «ዛሬ ስምዎ በአገር ሁሉ ይጠራል።»

«ኧረ ተው! ሰው ጾሙን በጡሩንባ ያስነግራል?»

አንሙት ሳቀ።

በዚህ መሐል ለዚያው ማዕረግ የሚፎካከረው ዶክተር ደመላሽ ጠጋ ብሎ በመሪጌታው ጆሮ አንድ ነገር አንሾካሾከ። ቀበቶውንም ነካ አደረገው። አንሙት አይቷል።

መሪጌታው ጥቂት ወጡ፣ ጥቂት ወረዱ። ከዚያ ተንገዳገዱና ደረታቸውን ይዘው ቁጭ አሉ።

«በቃኝ ልጄ። አልቻልኩም።»

ደመላሽ የመለኪያውን መስኮት ለኮሚቴው አዞረ። «ጉድ እዩ! ሰውዬው ወድቀዋል፤ መሣሪያው ግን ልባቸው እንደተኛ ሰው ይመታል ይላል። ይሄ ነው እንግዲህ የአንሙት ሳይንስ!»

ኮሚቴው ሳቀ። ጥናቱ ፈጠራ ተባለ። ማዕረጉን ደመላሽ ወሰደ። አንሙትን «ይቅርታ ጠይቀህ ፈርም፣ ላቦራቶሪህ ይመለስልሃል» አሉት።

«እጄ ይቆረጣል እንጂ አልፈርምም!»

አልፈረመም። ዓመታት አለፉ፤ ጀማሪ ተማሪዎችን ሰውነት ማፍታታት እያስተማረ ኖረ። በየማለዳው ደብረ ማርቆስ ዳር ወጥቶ ይሮጣል፤ የሚያስሮጠው ንዴት ነው። አቤቱታውን ግን አንድ ቀን አላቋረጠም። በመጨረሻ ሊሰሙት ተስማሙ፤ ደመላሽ መሣሪያውን ማበላሸቱን የሚያስረዳ ምስክር እንዲያመጣ አዘዙት።

በሁዳዴ፣ በጠራራ ፀሐይ ከሚኒባስ ወርዶ መሪጌታውን ከደብራቸው ኮረብታ ግርጌ አገኛቸው።

«የኔታ፣ ያን ቀን ደመላሽ ምን አለዎት?»

«ጸልዩልኝ አለኝ።»

«አይሸፍኑለት እንጂ! ቀበቶውን ምን አደረገው?»

«ተጣሞ ነበር መሰለኝ፣ አቃናልኝ። ደግሞ ከሳህ፤ ቁርስ በልተሃል?»

«በልቻለሁ።»

«ደግ። እኔ ቅዳሴ ሳይወጣ አልቀምስም። በል ና፣ ሰዓቱ ደርሷል፤ እየሄድን እንጫወታለን።»

ዳገቱን ተያያዙት። አንሙት ስለ ደመላሽ ይጠይቃል፣ መሪጌታው ይመልሳሉ። ግማሽ ላይ ሲደርሱ ጥያቄው ተቋረጠ፤ የአንሙት ትንፋሽ አጥሯል። ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ።

መሪጌታው መቋሚያቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው፣ ጾመ ድጓቸውን እያዜሙ ወደ ላይ ቀጠሉ። ዜማው አንድም ቦታ አልተቆረጠም።

«የኔታ!» ብሎ ጮኸ አንሙት። «ያን ቀን... በእውነት ደክሞዎት ነበር? ይመልሱልኝ!»