የክርስትና ስሟ

«የክርስትና ስሟን ማን ልበል?» አሉ ቄሱ፣ ፍትሐቱን ሊጀምሩ መጽሐፋቸውን እንደገለጡ።

ባሏ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የጠራት ጥሩወርቅ እያለ ነው። ወላጆቿ የሉ፤ የክርስትና እናቷ የለች። ልጆቹን ቢያይ መሬት መሬት ያያሉ።

«አባቴ፣ ጥሩወርቅ ቢባል እግዜር አያውቃትም?»

«እሱማ ያውቃታል ልጄ። በምን እንደምጠራት የጨነቀኝ እኔ ነኝ።»

ድንገት ዳዊቷ ትዝ አለው። በየማለዳው ስም እየጠራች የምትጸልይበት ወረቀት እዚያ ውስጥ ነው። ሮጦ ከራስጌዋ አመጣው።

መጀመሪያ የተጻፈው የእሱ የክርስትና ስም ነው። ቀጥሎ የልጆቹ፣ የጎረቤቶቹ፤ እሷን ዕድሜ ልኳን ያኮረፈች እህቱ እንኳ አልቀረችም።

ሦስቴ አነበበው። ገልብጦ ጀርባውን አየ።

የራሷን አልጻፈችም።