ወደ ግራ የዞሩት ቁልፎች

የካቲት ዘጠኝ ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ ነበር። የዮርዳኖስ አርባ ተዘክሮ ሰዉ ከድንኳኑ ሲበተን እናቷ ወይዘሮ ብርሃነሽ የልጃቸውን ጓደኛ ደብሬን ጠርተው በፌስታል የተጠቀለለ የእጅ ጌም ሰጧት። «ስምሽን ጽፋበታለች። ግን አትቀየሚኝ ልጄ፣ ስትፈታታው አበላሽታዋለች። ይኸው የቀኙ ቁልፍ ሁሉ ተነቅሏል» አሏት።

ደብሬ ቀኝ እጇ አልታዘዝ ካላት ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰቆጣ ጌም ቤት የምትሄደው ዮርዳኖስና ሌሎቹ ሴት ጓደኞቿ ሲጫወቱ ለማየት ብቻ ነበር። ዮርዳኖስም «አንቺማ ዳኛ ሆነሽ ቀረሽ!» እያለች ታበሽቃት ነበር። አሁን ጌሙን በግራ እጇ ያዘችው። በቀኝ በኩል የነበሩት አራት ቁልፎች ተነቅለው በግራ በኩል፣ ከአቅጣጫ ቁልፉ ሥር ተበይደዋል። አውራ ጣቷ ሳይንጠራራ ሁሉም ላይ ደረሰ። ስታበራው በራ።

«አልተበላሸም እማማ፤ ለእኔ እንዲመቸኝ ብላ ነው» አለች። ለእናቲቱ እግዜር ይስጥልኝ ብላ ጎንበስ አለች።

ወይዘሮ ብርሃነሽ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ነኳቸው። «እኔ ደግሞ ቤቱን በሽቦ ጭስ አጠንሽው እያልኩ ስቆጣት!» አሉና አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጠዋት አጠገቧ ተቀመጡ። «እስቲ ተጫወቺበት፣ ልየው።»

«በአርባዋ? ሰዉ ምን ይላል?»

«ሰዉ ወደ ቤቱ ሄዷል። ተጫወቺ።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ደብሬ ጌም ቤት ገብታ ከሴቶቹ ጋር ተጫወተች፤ ሦስት ጊዜ ተሸንፋ በአራተኛው አሸነፈች።